እትዬ ድንቅነሽና የሐዋሳው ዓሣ

የእትዬ ድንቅነሽን ሞት የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ነው፤ ከአብነት ወደ ልደታ ስመጣ፣ አንድ ወፍራም ሰውዬ ግማሽ ላዬ ላይ ተቀምጦ። የእህታቸው ልጅ ደወለና «አክስቴ ዛሬ ጠዋት አረፈች» አለኝ። ሰው እንዲህ ሲባል «ውይ!» ይላል፣ ወይ ያለቅሳል። እኔ «እንዴ! ሳይነግሩን?» አልኩ። ሰውዬው ዞሮ አየኝ። ይየኝ። እትዬ ድንቅነሽን ቢያውቅ አይፈርድብኝም ነበር። ሽንት ቤት ሲሄዱ እንኳ ለግቢው አሳውቀው የሚሄዱ ሴት ነበሩ።

የቀብራቸው ዕለት መኪናው ዘገየ። የእድሩ ድንኳን አንድ ምሰሶ ጎደለውና ወደ ጎን ተንጋደደ። ሰው ሁሉ ያለቅሳል፤ እኔ ደግሞ ሳጥኑን ሳጥኑን እያየሁ «አሁን ተነስተው ይሰድቡናል» እላለሁ። ለቅሶዬ የመጣው ሳይነሱ ሲቀሩ ነው።

እትዬ ድንቅነሽ መንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ዋናው ሥራቸው የአለቆችን የመስክ ጉዞ ማሰናዳት ነበር። መኪናውን፣ ሹፌሩን፣ ሆቴሉን የሚያሰናዱት እሳቸው፤ የሚሄዱት አለቆቹ። አለቆቹ አገሩን ሁሉ ዞሩት፤ ሲመለሱ ማር ይዘው፣ ቅቤ ይዘው፣ ሙዝ በዘለላ ጭነው። እሳቸው ከወንበራቸው አልተነሱም። «ደብረ ዘይትን ያየኋት ለሰርግ ነው፤ እሷንም በመስኮት» ይሉ ነበር።

ከቢሮ ይዘውት የወጡት አንድ አባባል ነው፦ «ፕሮግራም ይገፋል እንጂ አይሰረዝም።» ይህን ሲሉ የእጅ ሰዓታቸውን በጥፍራቸው ቋ ቋ ያደርጉታል። መብራት ጠፍቶ ሊጡ ሲኮመጥጥ፣ ፕሮግራሙ ተገፍቷል። ልብስ ከታጠበ በኋላ ዝናብ ሲመጣ፣ ተገፍቷል። አንድ ቀን እኔ አፌን አልይዝምና «እትዬ፣ ለምን አላገቡም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሰዓታቸውን መቱና «ተገፋ» አሉኝ። አለቀ።

እኔን የሚጠሩኝ «ቁንጫ» ብለው ነው። ስሜ ናርዶስ ነው፤ ግቢው ውስጥ ግን ናርዶስ ብትሉ ማንም አያውቀኝም። አንድ ቦታ አልቀመጥም ብለው ነው ያወጡልኝ። እውነታቸውን ነው። አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ ፀጉር ቤት ሠራሁ፣ ካፌ ሠራሁ፣ ልብስ ሸጥኩ፤ አሁን ፍርድ ቤቱ አጠገብ ኮፒና ጽሑፍ ቤት ነኝ። መጠበቅ አልችልም። ታክሲ ከዘገየ በእግሬ ነው የምሄደው።

የእትዬ ድንቅነሽና የእትዬ ዘሀራ ቤት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው የተለያየው። እትዬ ዘሀራ በዚያ ሲያስነጥሱ እትዬ ድንቅነሽ በዚህ «ይማርሽ» ይላሉ። እትዬ ዘሀራ የወሎ ሰው ናቸው፤ ለስላሳ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ እምቢ ማለት የማይችሉ። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ጎረቤታሞች ናቸው። ልጅ ሲታመም አብረው ሆስፒታል አደሩ፣ ሰው ሲሞት አብረው ተቀመጡ፣ ሽሮና ምስር ሲሆን በአንድ ትሪ በሉ። የበዓል ቀን ግን ሁለት ትሪ ነው። የክርስቲያን ሥጋ አለ፣ የእስላም ሥጋ አለ፤ አንዷ ከሌላዋ አትቀምስም። ለፋሲካ እትዬ ድንቅነሽ ዶሯቸውን ሠርተው ሲያበቁ ሌላ ዶሮ ከነነፍሱ በክንፉ አንጠልጥለው ወደ ጎረቤት ይወስዳሉ፤ እትዬ ዘሀራ በራሳቸው ሰው ያሳርዱታል። ለአረፋ ደግሞ በግ በክንፉ አይንጠለጠልምና እትዬ ዘሀራ ሽሮ በቅቤ ሠርተው ይሰጧቸዋል።

ይህ ነገር እትዬ ድንቅነሽን ያናድዳቸው ነበር። ሃይማኖቱ አይደለም የሚያናድዳቸው፤ እሱን አይነኩም። አደረጃጀቱ ነው። «በሐዘን ቀን አንድ ትሪ፣ በጾም ቀን አንድ ትሪ፣ ደስ ያለን ቀን ሁለት ትሪ! ማን ነው ይህን ያወጣው?» ይላሉ። «አንድ ቀን እንኳ በደስታ አላጎረስኳትም እኮ።»

ከዚያ የእትዬ ዘሀራ ልጅ ከደሴ ደወለች። ቤት ሠርታለች፣ እናቷን ልትወስድ ነው። ለመቼ? ከክረምት በፊት። እትዬ ዘሀራ አለቀሱ፣ እሺ አሉ። እምቢ አያውቁማ። እትዬ ድንቅነሽ ሁለት ቀን ከቤት አልወጡም። በሦስተኛው ቀን ቧንቧው ጋ ልብስ ሳጥብ ከኋላዬ መጡ።

«ቁንጫ!»

«አቤት፣ እትዬ።»

«ዓሣ የሚያርደው ማን ነው?»

«ኧ?»

«ዓሣ! ቄስ ነው? ሼህ ነው? ማን ነው የሚያርደው?»

«ማንም። ከውኃ ሲወጣ ራሱ ነው የሚሞተው።»

«እሱን ነው የምልሽ!» ብለው ጀርባዬን በጥፊ አሉኝ። ሳሙናው ከእጄ ወጥቶ ቦይ ገባ። «ራሱ ይሞታል! የማንም አይደለም! የሁላችንም ነው!»

«እሺ፣ ከበረዶ ቤት እንግዛና እንጥበስ።»

ያዩኝ አስተያየት እስከ ዛሬ ጎኔን ይወጋኛል። «ዘሀራን በበረዶ ዓሣ ልሸኛት? ሐዋሳ ነው የምንሄደው። ሁለት ቀን። እንበላለን፣ እንገዛለን፣ እናያለን። በዚህ ቅደም ተከተል።»

አሁን ቀን መፈለግ መጣ። ሰው ሐዋሳ ለመሄድ ብር ይፈልጋል፣ መኪና ይፈልጋል። እኛ የቸገረን ቀን ነው። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተያይዘው ገብተዋል። «ዓሣ በጾም ይበላል» የሚል አለ፣ «አይበላም» የሚል አለ፤ እትዬ ድንቅነሽ ክርክር ያለበት ዓሣ አልፈለጉም። ስለዚህ ረመዳን ይውጣ፣ ከዚያ ፋሲካ ይምጣ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ከእነዚህ ውስጥ ደግሞ ግንቦት ልደታ ይቀነሳል፤ ልደታ ተቀምጦ በልደታ ቀን ሐዋሳ መሄድ አይታሰብም። የእድር ስብሰባ ይቀነሳል። የእኔ እረፍት ይታያል። የቀረውን ጠባብ ቀዳዳ አገኙና «ይኸው! ፈጣሪ ራሱ በር ትቶልናል» አሉ።

ሹፌራችን ሙሌ ነው። የሰፈራችን ልጅ፣ አሮጌ መኪና ያለው፣ ሆዳም። እትዬ ድንቅነሽ በስልካቸው ቴሌግራም ላይ «የሐዋሳ ዓቢይ ኮሚቴ» የሚል ግሩፕ እንድከፍት አዘዙኝ። አባላቱ እሳቸው፣ እትዬ ዘሀራ፣ ሙሌና እኔ። አራት ሰው፤ ሁለቱ ግድግዳ ለግድግዳ፣ አንዱ በር ላይ መኪና የሚያጥብ። እትዬ ድንቅነሽ ግን በግሩፑ ካልሆነ አይናገሩም። መጻፍ ዓይናቸውን ስለሚያደክማቸው ድምፅ ይልካሉ። ድምፁ በሰላምታ ይጀምራል፤ ከዚያ ጉልበታቸው እንዴት እንዳደረ፤ መሃል ላይ ልዋጭ የሚለውን ሰውዬ «አንተ፣ ባለፈው የሰጠኸኝ ሳፋ ቀዳዳ ነው!» ብለው ይጮሁበታል፤ ከዚያ ስለ ኑሮ። ቁም ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው። መጨረሻው ጋ የሚደርስ ግን የለም።

ፕሮግራሙን የተየብኩት እኔ ነኝ፣ ኮፒ ቤት። እያስነበቡ አስተካክለውኛል። «ሐይቅ ማየት» የሚለው አጠገብ ግማሽ ሰዓት ብቻ አስጻፉ።

«እትዬ፣ ሐዋሳ ድረስ ሄደን ሐይቁን ግማሽ ሰዓት?»

«ውኃ ነው። ስንት ጊዜ ይታያል?»

ከታች በወፍራም ፊደል ማሳሰቢያ አለው፦ «ማንኛውም አባል ዓሣው ዘንድ ከመድረሱ በፊት እንዳይጠግብ።» ማኅተም ቢኖራቸው ይመቱበት ነበር።

ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን ከእድራችን አንድ ሽማግሌ ሞቱ። እትዬ ድንቅነሽ የእድሩን ጡሩምባ ሲሰሙ «ምነው ሌላ ቀን አጡ?» አሉና ወዲያው አማተቡ፣ «ነፍስ ይማር፤ ይቅር በለኝ።» ጎረቤት ሞቶ ዓሣ ልበላ ነው የሚል ሰው በልደታ የለም። ማታውን ድምፅ ላኩ። እኔ ኮሚቴ ስለሆንኩ እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ ስለ ሟቹ ወጣትነት፣ ስለ ሟቹ ሚስት፣ ስለ ጉልበታቸው፣ «ፕሮግራሙ ተገፍቷል»፣ እንደገና ስለ ሟቹ፣ እና በመጨረሻ፦ «ረቡዕ ማለዳ ነው።»

እትዬ ዘሀራ «ተገፍቷል» የሚለውን ሰምተው ዘጉት።

ረቡዕ ማለዳ ሙሌ የመኪናውን ጡሩምባ ነፋ። እትዬ ድንቅነሽ ነጭ በነጭ ለብሰው መኪናው ውስጥ ገብተዋል። እትዬ ዘሀራ በሩን ከፍተው አዩን። ቆም አሉ። ሬሳ ያዩ ነው የመሰሉት። «ምነው፣ አልተዘጋጀሽም?» አሏቸው እትዬ ድንቅነሽ። «ኧረ መጣሁ፣ መጣሁ» ብለው ገቡና ጥሩ ሻሻቸውን አስረው ወጡ።

መንገድ ላይ ለቁርስ ቆምን። እኔና ሙሌ እንቁላል ፍርፍር አዘዝን። እትዬ ዘሀራ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ሻይ እንኳ?» አልኩ።

«ጠዋት አይወርድልኝም፣ የኔ ዓለም።»

እትዬ ድንቅነሽ ጣታቸውን ወደ እኔና ወደ ሙሌ ቀሰሩ። «አያችሁ? ማሳሰቢያውን ያነበበች እሷ ብቻ ናት! እናንተ ጥገቡ!»

ሐዋሳ ዓሣ ገበያው ጋ ስንደርስ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ጡረተኛ ዳኛ ካባቸውን ደርበው ቆመዋል። እትዬ ድንቅነሽ ሐይቁን አንድ ጊዜ አዩትና «ደህና ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ዓሣው። ከምትጠብሰዋ ሴትዮ ፊት ቆመው ዓሣ በዓሣ እያገላበጡ መረጡ። ሰፊ ትሪ መጣ፤ ቆሮሶ የሚሉት ዓሣ ከነጭንቅላቱ ተጠብሶ፣ ዳጣ በጎኑ፣ ሎሚ ተቆርጦ። ሁላችንም እጃችንን ታጠብን። እትዬ ድንቅነሽ ጸለዩ። ከዚያ ከወፍራሙ ጎን ቆረሱ፣ ዳጣ አስነኩት፣ በእንጀራ ጠቀለሉት፣ ሎሚ ጠብ አደረጉበት፣ እንደ ታቦት ከፍ አድርገው ወደ እትዬ ዘሀራ አፍ አቀረቡት።

እትዬ ዘሀራ አፋቸውን አልከፈቱም።

ጉርሻው አየር ላይ ቆመ። ዘይቱ በእትዬ ድንቅነሽ ክንድ ላይ መውረድ ጀመረ። ሙሌ ማኘኩን ተወ፤ ሳይፈቀድለት ጀምሮ ነበር ማለት ነው። እትዬ ድንቅነሽን እንዲያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ድምፃቸው ቀጥኖ፣ «ዘሀራ፣ ዓሣም ሃይማኖት አለው?» አሉ።

«ወላሂ እንደሱ አይደለም!» እትዬ ዘሀራ እንባቸው መጣ። «ጾመኛ ነኝ።»

«የምን ጾመኛ? ረመዳን ወጣ!»

«ታምሜ ያፈጠርኳቸው ቀናት ነበሩ፤ እነሱን እየከፈልኩ ነው። ተገፋ ስትዪ ለሚቀጥለው ሳምንት መሰለኝ። ሌሊት ሱሁሬን በልቼ፣ ለጾሙ ነይቼ፣ ጠዋት መኪናው መጣ።»

እኔ መቼም አፌ አያርፍ፦ «ታዲያ እትዬ ዘሀራ፣ በሩ ላይ አይናገሩም ነበር?»

«እንዴት ልናገር? ነጭ ለብሳ መኪና ውስጥ ተቀምጣለች!»

እትዬ ዘሀራ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ «ግድ የለም፣ መንገደኛ ነኝ፤ ይፈቀድልኛል፤ ልፍታው» ብለው አፋቸውን ከፈቱ። የምሬን ነው፣ እንደ ጫጩት ከፈቱ።

እትዬ ድንቅነሽ ጉርሻውን መልሰው ትሪው ላይ አስቀመጡት።

«አትፈቺም። አንዳችን አንድ ነገር ጥለን የምንበላ ቢሆንማ እዚያው ልደታ እንበላ ነበር። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት አንቺም ምንም ሳትጥዪ፣ እኔም ምንም ሳልጥል እንድንበላ ነው።» ሰዓታቸውን በዘይት ጣታቸው ቋ ቋ አደረጉ። «ፕሮግራሙ ተገፍቷል። ፀሐይ ስትጠልቅ።»

ሙሌ ትሪውን በሁለት እጁ ያዘ። «ለእኔም ነው?»

«ለሁላችንም።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ጴንጤ ነኝ!»

«ዛሬ የኮሚቴ አባል ነህ።»

ዓሣው ተጠቅልሎ መኪና ውስጥ ገባ፤ ሙሌ ጠባቂ ተደረገ። ይህ እትዬ ድንቅነሽ በሕይወታቸው የሠሩት ብቸኛ የአመራር ስህተት ነው። እኛ ወደ መግዛትና ወደ ማየት ሄድን። ቀኑ አያልቅም። እኔ በረሃብ ዓይኔ ፈዟል፤ እንቁላሉ የት እንደገባ እንጃ። እትዬ ድንቅነሽ ገበያ ገብተው የጨርቁን ሁሉ ዋጋ ጠየቁ፤ ያስዘረጋሉ፣ ይዳስሳሉ፣ «እናስብበት» ይላሉ። አንዷ ነጋዴ ተበሳጭታ «እማማ፣ ይገዛሉ አይገዙም?» ስትላቸው፣ «ልጄ፣ እስከ መግሪብ ጊዜ አለን» አሏት። እትዬ ዘሀራ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ጠዋት በራቸውን ከከፈቱልን ወዲህ ገና የሳቁት ያኔ ነው።

ከዚያ ሐይቁ ዳር ተቀመጥን። ግማሽ ሰዓት የተባለው ውኃ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ታየ። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን፣ ጫማቸውን አውልቀው። አንድ ጦጣ የእትዬ ዘሀራን ቴምር ከቦርሳቸው ሊወስድ ሲመጣ እትዬ ድንቅነሽ በጫማቸው አባረሩት፣ «አንተም ጠብቅ!» እኔ ስነሳ ስቀመጥ፣ ስነሳ ስቀመጥ።

«ቁንጫ፣ አንድ ቦታ አረፍ በይ።»

«እየራበኝ ነው እትዬ!»

«መራብሽን እያየነው ነው። እሷም ርቧታል። ተጫወቺ።»

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ወደ መኪናው ተመለስን። መጠቅለያው ባዶ ነው። ሙሌ አንገቱን ደፍቶ «አባ ኮዳው ነው፣ እትዬ። በመስኮት ገብቶ ነጠቀኝ። ትልቅ ነው» አለ።

እትዬ ድንቅነሽ መጠቅለያውን አነሱ። ውስጡ ጥርት ብሎ የተጋጠ አጥንትና የተጨመቀ ሎሚ አለ።

«አባ ኮዳው ሎሚውንም ጨመቀበት?»

ሙሌ አፉን በእጅጌው ጠረገ።

ወደ ገበያው ሮጥን። እኔ ነኝ የሮጥኩት፤ እነሱ ከኋላዬ። የምትጠብሰዋ ሴትዮ ምድጃዋን አጥፍታ ዕቃ እያጠበች ነው። «አልቋል፣ ነገ» አለች። ተማጠንኩ፣ አልሰማችኝም። እትዬ ድንቅነሽ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደረሱ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አጭር ንግግር ሲናገሩ ሰማኋቸው፦ «እህቴ፣ ይህች ጎረቤቴ ናት። ልትሄድብኝ ነው። ጾመኛ ናት። በደስታ አጉርሻት አላውቅም።»

ሴትዮዋ አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች። ለቤቷ ያስቀረችውን ዓሣ ከፌስታል አወጣችና ከሰሉን መልሳ ማራገብ ጀመረች።

ከከተማው በኩል አዛን ተሰማ። እትዬ ዘሀራ በቴምር ፈቱ፣ ውኃ ጠጡ፣ ከንፈራቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ ወደ እትዬ ድንቅነሽ ዞሩ። ጉርሻው ትልቅ ነበር፤ የስንት ዓመት ነው። ገባ። ሁላችንም አፋቸውን እናያለን፤ ጠባሿም ማራገቢያዋን ይዛ ታያለች። እትዬ ዘሀራ አላመጡ፣ አላመጡ፣ ቆሙ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ምነው?» አሉ እትዬ ድንቅነሽ።

እትዬ ዘሀራ ከአፋቸው ቀጭን ነገር ጎትተው አወጡ። «አጥንት! ይህን ሁሉ ዘመን አስጠብቀሽ አጥንት አጎረስሽኝ?»

እንዲያ ስቀው አያውቁም። እትዬ ድንቅነሽ ትሪው ላይ ሊደፉ ደረሱ። ሙሌ ግን ጠባሿ አዝና ከሰጠችው ሁለት ቁራጭ ሌላ ምንም አልተፈቀደለትም።

እትዬ ዘሀራ ከክረምት በፊት ደሴ ሄዱ። ግሩፑ አልተዘጋም። እትዬ ድንቅነሽ ደሴ ድረስ የሚደርስ ድምፅ ይልኩ ነበር፣ ለዚያውም ስለ ጉልበታቸው። እትዬ ዘሀራ ከሐዋሳ በኋላ አንድ ነገር ተምረዋል፤ እስከ መጨረሻው ይሰሙ ነበር።

የእትዬ ድንቅነሽ አርባ ዕለት ዘመዶቻቸው በሬ አረዱ። ለእስላም እንግዶችም ለብቻ በግ ታርዷል፣ ሁለት ትሪ፣ እንደ ልማዱ። እኔ ግን ሙሌን ከዋዜማው ሐዋሳ ልኬው ነበር፣ በበረዶ ዓሣ እንዳይሰድቡኝ። እትዬ ዘሀራ ከደሴ መጡ። ድንኳኑ ውስጥ እትዬ ድንቅነሽ ይቀመጡበት ከነበረው ወንበር አጠገብ ተቀመጡ፣ ወንበሩን ባዶውን ትተው። ሰው እየበላ ነው። የተጠበሰውን ዓሣ በሰፊ ትሪ አድርጌ፣ ሎሚውን ከጎኑ፣ ፊታቸው አስቀመጥኩ። ቆረስኩ፣ አጥንቱን ለቀምኩ፣ ጠቀለልኩ፣ ወደ አፋቸው አቀረብኩ።

እትዬ ዘሀራ እጄን ቀስ ብለው ያዙት።

«ቁንጫዬ፣ ዛሬ ሰኞ ነው እኮ። ሰኞ ሰኞ መጾም ጀምሬያለሁ። መንገድ ላይ ልተወው ብዬ ነበር፤ ከዚያ እሷ ትዝ አለችኝ። ትለቀኛለች?»

እውነት ለመናገር ከጠዋት ጀምሮ ስሯሯጥ ምንም አልቀመስኩም ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሥጋው ይሸታል። እስከ መግሪብ ገና ብዙ ነው። ጉርሻውን መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩና በሌላ ትሪ ከደንኩት። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ፕሮግራሙ ተገፍቷል» አልኩ።

ሙሌ ከወዲያ እጁን ታጥቦ፣ እያደራረቀ መጣ። ክዳኑን አየ፣ እኔን አየ፣ እትዬ ዘሀራን አየ። ፊቱ ወደቀ።

«ዛሬም እኔን ይጨምራል?»

ሎሚውን ከፊቱ አነሳሁ።